ስለ ገሃነም የሚባለውና ክርስቲያኖች በእርግጥ የሚያምኑት

የገሃነም ነገር በተነሣ ቁጥር አንዱ «እግዚአብሔርን ጨካኝ አደረጋችሁት» ይላል፤ ሌላው «ፍርድን ሰረዛችሁ» ብሎ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም የሚከራከሩት ማንም ያላለውን ነው። ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ፣ ቢያንስ የሌላውን እምነት እሱ ራሱ በሚያምንበት መልክ ማወቅ ይገባናል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«ሲኦልና ገሃነም አንድ ናቸው»

በዕለት ተዕለት ንግግር እንቀላቅላቸዋለን፤ ትምህርቱ ግን ይለያቸዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲኦል የኃጥአን ነፍሳት እስከ ዕለተ ፍርድ የሚቆዩበት ነው፤ ጻድቃን ደግሞ በገነት ይቆያሉ። ገሃነመ እሳትና መንግሥተ ሰማያት ከትንሣኤ ሙታን በኋላ የሚመጡ ናቸው። በሉቃስ 16 ሀብታሙ ነዌ በሲኦል ሲሠቃይ አምስት ወንድሞቹ ገና በምድር ላይ ናቸው፤ ፍርድ ቀን አልደረሰም። ራእይ 20፥14 ላይ እንደምናነበው፣ በመጨረሻው ፍርድ ሲኦል ራሱ ወደ እሳት ባሕር ይጣላል።

ሙሉው መጽሐፈ ሄኖክ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ነውና ይህን የመቆያ ስፍራ እኛ ከብዙዎች በተሻለ እናውቀዋለን። በምዕራፍ 22 ሄኖክ በምዕራብ በኩል የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን ተለያይተው የሚጠበቁባቸውን ጥልቅ ስፍራዎች ያያል። የጻድቃኑ ብሩህ የውኃ ምንጭ አለው። ትውፊታችን ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ አዳምና ልጆቹ፣ አበው ጻድቃን ሳይቀሩ፣ 5500 ዘመን በሲኦል ቆይተው ጌታ በመስቀል ሞቶ ወርዶ አወጣቸው ይላል። ስለዚህ «ከሲኦል የወጣ የለም» የሚለው አባባል የትንሣኤን በዓል ከሚያከብር ሰው አፍ ሊወጣ አይገባም።

«የገሃነም ንጉሥ ሰይጣን ነው»

አይደለም። ማቴዎስ 25፥41 እሳቱ ለዲያብሎስና ለመላእክቱ የተዘጋጀ ነው ይላል። በየፋሲካው «አሰሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም» እያልን ሰይጣን እንደታሰረ እናውጃለን። የታሰረ አይነግሥም።

«ገሃነም የኢየሩሳሌም የቆሻሻ መጣያ ነበር»

ይህን ከብዙ መድረክ ሰምቻለሁ። ገሃነም የሚለው ስም የመጣበት የሄኖም ልጅ ሸለቆ ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ በእርግጥ አለ። ነገር ግን በጌታ ዘመን እሳት የማይጠፋበት የቆሻሻ ክምር እንደነበረ የሚናገር የዚያ ዘመን ጽሑፍም ሆነ ቁፋሮ የለም። ወሬው የሚታወቀው በ1200 አካባቢ በደቡብ ፈረንሳይ ከኖረው አይሁዳዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ተንታኝ ከዳዊት ኪምሒ ጽሑፍ ነው። የሸለቆውን ክፉ ስም ያመጣው ሌላ ነው፦ በሸለቆው ውስጥ በነበረው በቶፌት ሰዎች ልጆቻቸውን በእሳት ያቃጥሉ ነበር፤ ንጉሡ ኢዮስያስ ስፍራውን አረከሰው (2ኛ ነገሥት 23፥10)፤ ኤርምያስም በምዕራፍ 7 የእርድ ሸለቆ እንደሚባል ተነበየ። የሕፃናት ደም የፈሰሰበት ስፍራ የፍርድ ስም መሆኑ ከቆሻሻው ታሪክ ይልቅ እጅግ የከበደ ነው፤ ሰባኪዎች ለምን እንደሚተዉት አይገባኝም።

«ዘላለማዊ ሥቃይን የማይቀበል ፍርድን ይክዳል»

ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ብዙኃኑ ከሚቀበሉት ከዘላለም ሥቃይ ትምህርት የሚለዩት ክርስቲያኖች ሁለት ወገን ናቸው፤ ሁለቱም ፍርድ አለ ይላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ኃጥአን በመጨረሻ ይጠፋሉ የሚሉት ናቸው። በአገራችንም ያሉት የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስቶች በዚህ ይታወቃሉ። የማትሞት ነፍስ ከእግዚአብሔር የምትሰጥ ስጦታ እንጂ የሰው የተፈጥሮ ሀብት አይደለችም ይላሉ፤ ጌታ «ነፍስንም ሥጋንም በገሃነም ሊያጠፋ የሚቻለውን ፍሩ» ማለቱንም (ማቴ. 10፥28) ይጠቅሳሉ። ይሁዳ ቁጥር 7 ሰዶምን «በዘላለም እሳት» ተቀጣች ይላል፤ እሳቱ ግን ዛሬ አይነድድም፤ ዘላለማዊው ውጤቱ ነው ባዮች ናቸው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የአስተምህሮ ኮሚሽንም በ1995 ባወጣው ሰነድ ወደዚህ አሳብ አዘንብሏል።

ሁለተኛዎቹ በመጨረሻ ሁሉ ይድናል ብለው የሚያስተምሩ ወይም ተስፋ የሚያደርጉ ናቸው። የኑሲሱ ኤጲስ ቆጶስ ጎርጎርዮስ ከእኅቱ ከማክሪና ጋር ያደረገው ውይይት እሳቱን አያቀልለውም። ጭቃ የደረቀበት ገመድ በጠባብ ቀዳዳ ሲሳብ ጭቃው እየተፋቀ እንደሚቀር፣ ነፍስም ከክፋቷ የምትላቀቀው በሥቃይ ነው ይላል። ክፋቱ በበዛ መጠን ሥቃዩም ይበዛል። ይህን «ኃጢአት ብትሠራም ግድ የለም» ብሎ መተርጎም በሰውየው ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

«የሚጠራጠሩት የዛሬ ዘመን ምዕራባውያን ብቻ ናቸው»

ሁሉ በመጨረሻ ወደ እግዚአብሔር ይመለሳል ብሎ ያስተማረው የእስክንድርያው መምህር ኦሪጀን የኖረው በ3ኛው መቶ ዘመን ነው። ትምህርቱ በገዛ ከተማው በፓትርያርክ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ400፣ ተወገዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስም በ543 አወገዘው። ጎርጎርዮስ ግን በ381ዱ የቁስጥንጥንያ ጉባኤ የተገኘ፣ እኛም በስሙ የምንቀድስበት ቅዱስ ነው። የመነኮሳቱ መምህር ማር ይስሐቅ በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው ብሎ አስተምሯል፤ በ1983 ኦክስፎርድ ውስጥ የተገኘው የጽሑፎቹ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ የገሃነምን ፍጻሜ ተስፋ እንዳደረገ አሳይቷል። የሰሜን አፍሪካው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስም በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይህን አሳብ ሲቃወም፣ በዘላለም ሥቃይ የማያምኑ ርኅሩኆች እጅግ ብዙ መሆናቸውን ጽፏል። ይህ ሁሉ አሳቡ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ቅጣቱ ፍጻሜ የለውም ብላ ታስተምራለች። ጥያቄው ግን የትናንት ልጅ አይደለም።

«በዘላለም ቅጣት የሚያምኑት ርኅራኄ የላቸውም»

ይህም በደል ነው። የአውግስጢኖስ ክርክር ከጭካኔ አልመጣም፤ ማቴዎስ 25፥46 በአንድ ቃል «የዘላለም ቅጣት» እና «የዘላለም ሕይወት» ሲል አንዱን አሳጥረን ሌላውን ማስረዘም አንችልም የሚል ነው። እኔ ይህን ክርክር ከባድ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ሌሎቹ ወገኖች በቂ መልስ የሰጡበት አይመስለኝም። ሉተራውያን በ1530 በአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ አንቀጽ 17 ይህንኑ አጽንተዋል። የ1992ቱ የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ደግሞ ገሃነምን ሰው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ከእግዚአብሔር ለዘለዓለም መለየቱ ብሎ ይገልጸዋል። በሩን ከውስጥ የዘጋ ሰው አለ ብሎ ማዘን ጨካኝነት አይደለም።

«ተዝካር ማውጣት በመካነ ንስሐ ማመን ነው»

ከወንጌላውያን ወዳጆቻችን በኩል የሚሰማ ነው። በመካነ ንስሐ የሚያምኑት ካቶሊኮች ናቸው፤ ትምህርቱ በ1274 በሊዮን፣ በ1439 በፍሎረንስ ጉባኤ ተደነገገ። እሱም ቢሆን ሁለተኛ ዕድል አይደለም፤ በጸጋ ሞተው ገና ያልነጹት የሚነጹበት ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ትምህርት አትቀበልም፤ ነገር ግን ለሞቱት ፍትሐት ታደርጋለች፣ ትጸልያለች፣ በአርባው ቀን ተዝካር ይወጣል። ምክንያቷ የመጨረሻው ፍርድ ገና አለመሰጠቱ ነው፤ ፈራጁ ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት ሊለመን ይችላል።