«የሞንጎሊያ ሳምቡሳ» የሚባለው ኹሹር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኹሹርን፣ ሥጋ በሊጥ ታሽጎ በዘይት የሚጠበሰውን ምግብ፣ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ሲቸግረኝ «የሞንጎሊያ ሳምቡሳ ነው» ብዬ እገላገላለሁ። ቤቱ ሊሠራው ለሚነሣ ሰው ግን ይህ አባባል ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። እኔንም መጀመሪያ ያሳሳተኝ እሱ ነው።

«ሥጋው አስቀድሞ ይበስላል።» ለሳምቡሳ ልክ ነው። ሥጋው ወይም ምስሩ ከሽንኩርት ጋር በስሎ፣ ውሃው መጥጦ፣ ቀዝቅዞ ይሞላል። የመጀመሪያዎቹን ኹሹሮቼን እንደዚያው ብሠራቸው ሊጡ አምሮ ውስጡ እንደ አሸዋ ደረቀብኝ። የኹሹር ሥጋ ጥሬውን ነው የሚገባው። ዘይት ውስጥ ሲገባ ሊጡ እንደ ድስት ክዳን አፍኖ ይይዘዋል፤ የቀለጠው ጮማና የሽንኩርቱ ውሃ ከሥጋው ፈሳሽ ጋር መረቅ ይሆናሉ። ለዚህም ሲባል ለግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሮ ማሸት ያስፈልጋል። ሲነከስ መረቁ ወደ አገጭ ካልወረደ የሆነ ቦታ ተሳስተናል።

«እንዲህ ከሆነማ ጥሬውን መብላት ነው» የሚሉ አሉ። ኹሹር ስስ ሆኖ በመዳፍ ጠፍጠፍ የሚደረገው ለዚህ ነው። ዘይቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በአንዱ ጎን ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ፣ በሌላው ጎን እንዲሁ ይበቃዋል። የሚጨስ ዘይት ግን ሊጡን አሳርሮ ሥጋውን ጥሬ ይተወዋል። የመጀመሪያዋን ቆርሶ ማየት ነው፤ ውስጧ ከቀላ የቀሩት ትንሽ ይቆዩ።

«ቀይ ሥጋ ይሻላል።» አይሻልም። ጥር ላይ የሞንጎሊያ ዋና ከተማ ኡላንባታር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ትቀዘቅዛለች፤ እዚያ ጮማ የሚጣል ነገር አይደለም። በግም ይሁን በሬ፣ ከሥጋው አንድ አምስተኛ ያህሉ ስብ ቢሆን ደስ ይለኛል። የበግ ላት ከተገኘማ ምን ጠፍቶ!

እርሾ አይገባበትም። ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ሩብ ሊትር ያህል ውሃ፣ ጨው፤ ከዚያ ሊጡ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ካላረፈ በመዳመጫ ሲዳመጥ ይሸሻል። ከዚህ ልክ አሥራ አምስት ያህል ይወጣል።

በቅመም ነገር ከእኛ ሰው ጋር መከራከር ከባድ ነው። የኹሹር ሥጋ ጨው፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ካገኘ ይበቃዋል። አንድ ጊዜ በርበሬ ጨምሬበት ነበር፤ አልጠላሁትም፣ ግን የበጉን ጣዕም ዋጠው፤ የበላሁት ሌላ ምግብ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው «ጠርዙን በሹካ ጫን ጫን ማድረግ ይበቃል» ብሎ ነው። ሊጡ አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ይዳመጣል፤ ሥጋው በግማሹ ላይ ይለጠፋል፤ ጠርዙ ስብ እንዳይነካው መጠንቀቅ ነው፣ ቅባት የነካው ሊጥ አይጣበቅም። ሌላው ግማሽ ከታጠፈበት በኋላ፣ ከመዘጋቱ በፊት፣ መሃሉን በመዳፍ ጫን ብሎ አየሩን ማስወጣት ያሻል። ከዚያ ጠርዙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ትንሽ ትንሽ እየቆነጠጡ ወደ ውስጥ ማጠፍ፤ ረድፍ ይዞ እንደ ሹሩባ ይወርዳል። የመርፌ ቀዳዳ ታህል ክፍተት ከቀረች መረቁ ወደ ዘይቱ ይፈሳል፣ ዘይቱም ይንጣጣል። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው።

ኹሹርና ቡዝ አንድ ናቸው የሚለውም ስሕተት ነው። ቡዝ ሥጋ የተሞላ ሊጥ ሆኖ በእንፋሎት የሚበስል፣ በጻጋን ሳር ማለትም በጨረቃ አዲስ ዓመታቸው የሚበላ ነው። ኹሹር ደግሞ የናዳም ምግብ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 4 እስከ 6 ትግል፣ የፈረስ ግልቢያና ቀስት ውርወራ በሚታይበት በዓል ላይ ተጠብሶ ትኩሱን ይሸጣል።

በመጨረሻ፣ በሹካና በቢላዋ መብላት ጨዋነት የሚመስለው እንግዳ አለ። ሲቆረጥ መረቁ ሳህን ላይ ይቀራል። በእጅ ይዞ፣ ጥጉን ነክሶ፣ መጀመሪያ መረቁን መምጠጥ ነው። አጠገቡ በጨው የተፈላ የወተት ሻይ ይቀመጣል፤ ቡናን በጨው የጠጣ የገጠር ልጅ አይደነግጥበትም።