«አንድ ማስታወቂያ አንድ ክፍት ቦታ ነው» እና ሌሎች የቴሌኮም የሰው ኃይል ዳታን የሚያበላሹ አባባሎች

የቴሌኮም ዘርፍ ምን ዓይነት ሰው ይፈልጋል፣ ሥልጠናውስ ያንን ሰው እያወጣ ነው ወይ ብሎ የሚያጠና ሁሉ ሁለት ክምር ይሰበስባል፦ የቅጥር ማስታወቂያና የሥልጠና መዝገብ። ጎንደር ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው ተማሪም ሆነ ፕሮፖዛል የሚጽፈው ባለሙያ መነሻው ይኸው ነው። ክምሩ እንደደረሰ ወደ ግራፉ ይሮጣል፤ ማጽዳቱ ለአፓረንት፣ ማለትም ለተለማማጅ ተማሪ፣ ይጣላል። ከዚያ ሁሉም ውጤቱ ላይ ይከራከራል። ክርክሩ መሆን የነበረበት ከታች ባሉት ላይ ነው።

«አንድ ማስታወቂያ አንድ ክፍት ቦታ ነው»

አይደለም። ስንት ጊዜ ይነገር! ማስታወቂያ ወረቀት ነው፤ ክፍት ቦታ ወንበር ነው። ለአንድ ወንበር አሥር ወረቀት ሊወጣ፣ በአንድ ወረቀት አሥር ወንበር ሊታወጅ ይችላል።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ወጣ እንበል፦ «የኔትወርክ ቴክኒሺያን፤ በቴሌኮም ወይም በተመሳሳይ ሙያ ደረጃ 4 ያጠናቀቀ/ች እና ሲኦሲ ያለው/ያላት፤ የሥራ ልምድ 2 ዓመት፤ ብዛት 9፤ የሥራ ቦታ ጎንደር፣ ደባርቅ እና ገንዳ ውኃ፤ ደመወዝ በድርጅቱ ስኬል መሠረት»። (ሲኦሲ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው።) ሰኞ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ማክሰኞ ሦስት የቴሌግራም ቻናሎች ገለበጡት፤ አንዱ ጽሑፉን፣ ሁለቱ የጋዜጣውን ፎቶ። በአሥረኛው ቀን «ምዝገባው ተራዝሟል» ተባለ። ከሁለት ወር በኋላ «ለሁለተኛ ጊዜ የወጣ» ተብሎ ተመለሰ። ሰብሳቢው እጅ የገባው 6 መስመር ነው። መስመር የቆጠረ 6 ይላል፤ «ብዛት» የሚለውን የደመረ 54 ይላል። ወንበሩ 9 ነው።

መፍትሔው ሁለት ሰንጠረዥ መያዝ ነው። በአንደኛው የወጣው ማስታወቂያ ሁሉ እንዳለ ይገባል፦ የት ወጣ፣ መቼ ወጣ፣ ጽሑፍ ነው ወይስ ምስል። በሁለተኛው መደቡ አንዴ ብቻ ገብቶ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስድስቱም መስመሮች ያንኑ ቁጥር ይይዛሉ። ለማዛመድ የማስታወቂያ ቁጥር ካለ እሱ ይበቃል። ከሌለ ቀጣሪው፣ የመደቡ ስም፣ ብዛቱና የምዝገባ ማብቂያው አብረው ይታያሉ። ማብቂያው ብቻውን አያስተማምንም፤ የተራዘመው አዲስ ቀን ይዞ ይመጣልና። ስለዚህ «ተራዝሟል»፣ «ለሁለተኛ ጊዜ»፣ «ማስተካከያ» የሚሉት ቃላት ቀድመው ተፈልገው ምልክት ይደረግባቸው።

«ለሁለተኛ ጊዜ» የሚለውን ድግግሞሽ ነው ብሎ መሰረዝ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ቀጣሪ አንድን መደብ ደግሞ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ሰው ስላልተገኘ ነው። ጥናቱ የሚያስሰው እጥረት እዚያ ተቀምጦ ሳለ እናጠፋዋለን። ከድምሩ ይውጣ፣ ከመዝገቡ ግን አይውጣ።

የሥራ ቦታውስ? ዘጠኙን ለሦስት ከተማ ሦስት ሦስት ማካፈል ፈጠራ ነው፤ ማስታወቂያው ካልተናገረ «ክፍፍሉ ያልተገለጸ» ተብሎ ይለፍ። «ጎንደር» የሚለው ቃል ራሱ ወጥመድ አለው። ማዕከላዊ ጎንደር አለ፤ ደባርቅን መቀመጫው ያደረገ ሰሜን ጎንደር አለ፤ ገንዳ ውኃ ላይ የተቀመጠ ምዕራብ ጎንደር አለ፤ ደብረ ታቦር ላይ የተቀመጠ ደቡብ ጎንደርም አለ። በቆየ መዝገብ «ሰሜን ጎንደር» ከተባለ ደግሞ ከመከፈሉ በፊት የነበረው ሰፊው ዞን ነው፣ መቀመጫውም ጎንደር ከተማ ነበር። «ጎንደር የሚል ካለ ሰብስብ» የሚል ፎርሙላ የደብረ ታቦሩን ቴክኒሺያን ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ ላይ ይመድበዋል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶም የተገኘው ቁጥር የታወጀ ፍላጎት ብቻ ነው። በውስጥ ዕድገት የተሞላ መደብ እዚህ የለም። በኮንትራክተር ሥር ተቀጥሮ ማማ የሚወጣው ልጅም ብዙ ጊዜ በትውውቅ የተጠራ ነው እንጂ ማስታወቂያ አንብቦ የመጣ አይደለም።

«ማስታወቂያ ከጨመረ ፍላጎት ጨምሯል»

ወይም ዘንድሮ ሦስት ቻናል ተጨምሮ ተሰብስቧል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲጀምር ገበያው ከአንድ ኦፕሬተር ወደ ሁለት ተሻገረ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን በአንድ መስመር ማያያዝ አያስኬድም። ምንጮቹ በየዓመቱ አንድ ዓይነት መሆናቸው ሳይረጋገጥ «አደገ» አይባልም።

«የመደቡ ስም ይበቃል»

«ቴሌኮም ኢንጂነር» በሚል ርዕስ ሥር ማማ መውጣት፣ ፋይበር መቀጠልና የጄኔሬተር ነዳጅ መከታተል ተዘርዝሮ ይገኛል። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የሙያ ምደባ፣ በኢስኮ 08፣ የቴሌኮም መሐንዲስ 2153፣ የቴሌኮም ምሕንድስና ቴክኒሺያን 3522፣ መሣሪያና መስመር የሚዘረጋውና የሚጠግነው 7422 ነው። ኮድ የሚሰጠው ከተግባር ዝርዝሩ እንጂ ከማዕረጉ አይደለም። ዝርዝር ከሌለ ከርዕሱ መስጠት ይቻላል፣ ግን «ከርዕስ የተሰጠ» ተብሎ ይመዝገብ። መጀመሪያ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ለ100 ማስታወቂያ ኮድ ይስጡ፤ በተለያዩበት ላይ ደንብ ይጻፍ፤ ቀሪው ከዚያ በኋላ ይሠራ።

ዘርፍና ሙያም አይቀላቀሉ። የቴሌኮም ኩባንያ ሹፌርና የሒሳብ ሠራተኛም ይቀጥራል፤ ባንክና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የኔትወርክ ባለሙያ ይቀጥራሉ። የትኛው እንደሚቆጠር ከመሰብሰቡ በፊት ይወሰን።

«ቀን ቀን ነው፣ ኤክሴል ያውቀዋል»

ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። የሥልጠና መዝገብ ላይ 12/05/2015 ተብሎ የተጻፈው ጥር 12 ቀን 2015፣ በፈረንጁ ጃንዋሪ 20 ቀን 2023 ነው። ኤክሴል ግን እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ሜይ 12 ወይም ዲሴምበር 5 ቀን 2015 ብሎ ያስቀምጠዋል። (እግረ መንገድ፦ ጎንደር ውስጥ በጥር 12 የክፍል ሥልጠና ተሰጠ የሚል መዝገብ ራሱ ይመርመር፤ ያን ቀን ሰዉ ሚካኤልን እያስገባ ነው።) ጥቅምት 30፣ ማለትም 30/02፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ቢያንስ ዓይን ይይዛል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚገባው ነው። 5/13/2014፣ ጳጉሜ 5 መሆኑ ነው፣ በአሜሪካ አቀማመጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ሜይ 13 ቀን 2014 ይሆናል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2022 ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ስህተት፣ አንድም ቀይ ምልክት ሳይታይ!

ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምድ በቁጥር ይግቡ፤ በአራተኛው የአቆጣጠሩ መለያ (የኢትዮጵያ ወይስ የፈረንጅ)፤ በአምስተኛው የተቀየረው ቀን። «ስምንት ደምር» የሚሉት ዘዴ አይሠራም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የሚደመረው 7 ነው። ጳጉሜ 6 የነበረችው 2015 ደግሞ የ2016ን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ጥላዋለች። የተፈተነ መቀየሪያ ይጠቀሙ። በዓመት መምታታት ቀልድ የሚመስለው ካለ፣ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጁ በአማርኛ 1148/2011፣ በእንግሊዝኛ 1148/2019 መሆኑን ይመልከት፤ አንዱ አዋጅ በቀላሉ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ መግቢያው 2:30፣ መውጫው 17:30 ከተባለ የ15 ሰዓት ሥልጠና ሳይሆን ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ተደባልቋል።

«ባዶ ማለት ዜሮ ነው»

«0 ዓመት» ልምድ አይጠየቅም ማለት ነው፤ ባዶ ማለት አልተጻፈም ማለት ነው። «በስኬል መሠረት» የተባለ ደመወዝም ዜሮ አይደለም።

«ፊደል ቢለያይም ይነበባል»

በሰው ይነበባል። ለኮምፒውተር መሐንዲስ፣ መሃንዲስና መሀንዲስ ሦስት ሙያ ናቸው፤ ኃይሉና ሀይሉ ሁለት ሠልጣኝ ናቸው። ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የሚመለሱበት ተጨማሪ ዓምድ ይከፈት፤ ዋናው ጽሑፍ አይነካ። ከሁሉ የሚያናድደው «1ዐ ዓመት» ነው፤ ዜሮ የሚመስለው ዓይኑ ዐ ስለሆነ ቁጥሩ አይደመርም። በቁጥር ዓምዶች ሁሉ ዐ ይፈለግ። በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ሲገለበጥ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ተበላሽቷል ተብሎ አይጣል፤ በፎንቱ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ይመለሳል።

«ይህን ያህል ሰው ሠልጥኗል»

ሰው ነው ወይስ የሥልጠና ወንበር? አንዲት ሠራተኛ ፋይበር፣ ማይክሮዌቭና ደንበኛ አያያዝ ከወሰደች ሦስት ተሳትፎ እንጂ ሦስት ሰው አይደለችም። በሠራተኛ መለያ ቁጥር ይዛመድ፤ ከሌለ በስም ከነአባትና አያት፣ ከትውልድ ዘመን ጋር። የተመዘገበ፣ የተገኘ፣ ያጠናቀቀና ምዘና ያለፈ አራት የተለያዩ ዓምዶች ናቸው። የአበል መክፈያ ፊርማ አበል መከፈሉን ያሳያል፤ ኦቲዲአር (የፋይበር መስመር መፈተሻ መሣሪያ) ማንበብ መቻልን አያሳይም። ስለዚህ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ሰዓት ለየብቻ ይያዝ፤ 40 ሰዓት ፋይበር ተብሎ 4 ሰዓት ብቻ መቀጠያ ማሽን የነካ ሠልጣኝ ማስታወቂያው የሚፈልገው ሰው አይደለም። የሲስኮ የኔትወርክ ሰርተፊኬት፣ ሲሲኤንኤ፣ ደግሞ በ3 ዓመት ጊዜው ያልፋል፤ የተሰጠበት ቀን ሳይኖር «ሰርተፊኬት አለው» ዋጋ የለውም።

«ስሙን ካጠፋነው ችግር የለም»

ሴት፣ የፋይበር ቴክኒሺያን፣ ደባርቅ፣ ደረጃ 4 ብሎ የጻፈ ስም ባይጽፍም ባልደረቦቿ ማን እንደሆነች ያውቃሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ «ለጥናት ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ከ5 ሰው በታች የሚታይበት የሰንጠረዥ ሣጥን ወደ ዞን ይጠቃለል፤ ስምን ከመለያ ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝርም በሌላ ፋይል፣ በሌላ ሰው እጅ ይቀመጥ።