የባፕቲስት ኅብረት ዓመታዊ ጉባኤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ብዙ የአማርኛ ተናጋሪ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚያመልኩት በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ ራሳቸው የአካባቢው የባፕቲስት ኅብረት አባል ናቸው። ኅብረቱ በአንድ ወይም በጥቂት ካውንቲዎች ያሉ አጥቢያዎች ስብስብ ነው። በዓመት አንዴ፣ በአብዛኛው በጥቅምት አካባቢ፣ ከየአጥቢያው የተመረጡ መልእክተኞች ተሰብስበው ሪፖርት ይሰማሉ፣ በጀት ያጸድቃሉ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ ይመርጣሉ፣ አዳዲስ አባላትን ይቀበላሉ። በዚህ ቀን የእኛ አጥቢያዎች ወንበር ባዶ ሆኖ ሲታይ ያስቆጫል። ብዙ ጊዜ ከጉባኤው የሚያርቁን ከሌላ ቤተ እምነት ይዘናቸው የመጣናቸው የተሳሳቱ ግምቶች ናቸው።

«ኅብረቱ የበላይ አካል ነው፤ የወሰነውን አጥቢያችን መፈጸም አለባት»

በመካነ ኢየሱስ ያደገ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። እዚያ ከማኅበረ ምእመናን ወደ ሰበካ፣ ከሰበካ ወደ ሲኖዶስ የሚወጣ መዋቅር አለ። አሜሪካም ውስጥ ቢሆን በተባበሩት ሜቶዲስቶች ዘንድ ለየአጥቢያው መጋቢ የሚመድበው ቢሾፑ ነው፤ ሕንፃውም ለቤተ እምነቱ በአደራ የተያዘ ነው። በፕሬስቢቴሪያኖች ዘንድ ደግሞ መጋቢው አባልነቱ በአካባቢው ፕሬስቢተሪ (የአካባቢው መጋቢዎችና ሽማግሌዎች የበላይ ጉባኤ) ነው እንጂ በሚያገለግላት አጥቢያ አይደለም።

የባፕቲስት ኅብረት ግን ከእነዚህ ከሁሉም ይለያል። በ1707 እ.ኤ.አ. የፊላደልፊያ ኅብረት ሲመሠረት አባላቱ አምስት አጥቢያዎች ነበሩ። ይኸው ኅብረት በ1749 እ.ኤ.አ. ቤንጃሚን ግሪፊት ስለ ኅብረት ሥልጣን ያዘጋጀውን ጽሑፍ ተቀበለ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል፦ አጥቢያ ሙሉ ሥልጣኗን የምታገኘው በቀጥታ ከክርስቶስ ነው፤ ኅብረቱ በእሷ ላይ የሚፈርድ የበላይ ችሎት አይደለም። ማድረግ የሚችለው፣ ከትምህርት ወይም ከሥርዓት ከወጣች አጥቢያ ጋር ያለውን አንድነት ማቋረጥ ነው።

ስለዚህ ጉባኤው መጋቢ አይሾምላችሁም፣ አይሽርባችሁም። ሽማግሌዎቻችሁን አይመርጥም፣ መተዳደሪያ ደንባችሁን አይቀይርም፣ የግዴታ መዋጮ አይጥልባችሁም። በጉባኤው የሚወጣ የአቋም መግለጫም የዚያን ቀን መልእክተኞች አሳብ ከመግለጽ አያልፍም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የምታመልኩበት ሕንፃ በኅብረቱ ስም የተመዘገበ ከሆነ፣ ወይም ከኅብረቱ ብድር ወስዳችሁ ከሆነ የፈረማችሁት ውል ያስራችኋል። የሚያስራችሁ ውሉ እንጂ ጉባኤው አይደለም፤ ስለዚህ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ።

«እንግዲያው ምንም ሥልጣን ከሌለው መሄዱ ትርፉ ድካም ነው»

በእናንተ ላይ ሥልጣን የለውም ማለት በራሱ ጉዳይ ላይ ሥልጣን የለውም ማለት አይደለም። የኅብረቱን ገንዘብ፣ ሠራተኛ፣ ንብረትና አባልነት የሚወስነው ይኸው ጉባኤ ነው። ለአዳዲስ አጥቢያዎች ተከላ ስንት ዶላር ይመደብ፣ በእንግሊዝኛ ለማያመልኩ አጥቢያዎች ድጋፉ ይቀጥል ወይስ ይቋረጥ የሚለው የሚቆረጠው እዚያ ነው። ያልተገኘ አጥቢያ ድምፅ የለውም።

አባልነትም የሚሰጠው በድምፅ ነው። በአብዛኛው ኅብረቶች መንገዱ ተመሳሳይ ነው፦ አጥቢያዋ በአባላት ስብሰባ ወስና ማመልከቻ ትጽፋለች፤ የእምነት መግለጫዋንና መተዳደሪያ ደንቧን ታያይዛለች፤ የአባልነት ጉዳይ ኮሚቴው መጋቢውንና ሽማግሌዎቹን ያነጋግራል፤ ኮሚቴው ለጉባኤው አሳብ ያቀርባል፤ መልእክተኞች ድምፅ ይሰጣሉ። ብዙ ኅብረቶች ከሙሉ አባልነት በፊት አንድ ዓመት ያህል የክትትል ጊዜ ያስቀምጣሉ። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በወረቀት ነው። የእምነት መግለጫው በአማርኛ ብቻ ይሆንና ኮሚቴው ሳያነበው ጉባኤው ይደርሳል፤ ጉዳዩ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። ትርጉሙን ከጉባኤው ጥቂት ወራት ቀድሞ ማስገባት ይሻላል።

«መልእክተኛው አጥቢያው ያዘዘችውን ድምፅ ብቻ ይሰጣል»

አይደለም። መልእክተኛ በአጥቢያው ይመረጣል እንጂ ድምፁ ታስሮ አይላክም። ውይይቱን ሰምቶ፣ ጸልዮ፣ በኅሊናው ይወስናል። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማሻሻያ የሚቀርበው በስብሰባው ላይ ስለሆነ አጥቢያዋ አስቀድማ ልታውቀው አትችልም። መልእክተኛው የአጥቢያዋን ሥልጣን ይዞ ስለማይሄድም፣ እሱ እጁን ያወጣለት ውሳኔ አጥቢያዋን አያስራትም።

ሌላው ስሕተት መጋቢው ያለ ምርጫ ድምፅ አለው ብሎ ማሰብ ነው። አንዳንድ ደንቦች ይህን ይፈቅዳሉ፤ ብዙዎቹ ግን መጋቢውንም እንደ ማንኛውም መልእክተኛ በአጥቢያው እንዲመረጥ ይጠይቃሉ። የመልእክተኞች ቁጥርም በደንብ የተወሰነ ነው፤ ለእያንዳንዱ አጥቢያ መነሻ ቁጥር ይሰጥና እንደ አባላቱ ብዛት ይጨመራል። በአባላት ስብሰባ ምረጡ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ስሞቹን በኅብረቱ ቅጽ ላኩ። በጉባኤው ዕለት ምዝገባው ጠረጴዛ ላይ የድምፅ ካርድ ይሰጣችኋል። ካርዱ በስም ነው፤ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ለጎረቤቱ ሊተውለት አይችልም። ከተፈቀደው ቁጥር በላይ የመጡት በእንግድነት ይቀመጣሉ እንጂ ድምፅ አይሰጡም።

«እጅ አውጥቶ ሐሳብ መስጠት ይበቃል»

ብዙ ጥሩ ሐሳብ መና የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ኅብረቶች የሚመሩት በሮበርት የስብሰባ ሥርዓት ነው። ሄንሪ ሮበርት የአሜሪካ ጦር መሐንዲስና ባፕቲስት ነበር። በ1863 እ.ኤ.አ. በኒው ቤድፎርድ ቤተ ክርስቲያን የተደረገ ስብሰባ እንዲመራ ተጠይቆ ሥርዓቱን አለማወቁ ስላስቸገረው ማጥናት ጀመረ፤ መጽሐፉን በ1876 አሳተመ።

በዚህ ሥርዓት ጉባኤው የሚወያየው በቀረበ የውሳኔ ሐሳብ ላይ ብቻ ነው። እንበል በበጀቱ ላይ ለአዳዲስ አጥቢያዎች 12,000 ዶላር ተይዟል፤ እናንተ 15,000 እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። ማይክሮፎኑ ጋ ትቆማላችሁ፣ ሰብሳቢው ዕድል ሲሰጣችሁ ስማችሁንና አጥቢያችሁን ትናገራላችሁ፣ ከዚያም «12,000 የሚለው ወጥቶ 15,000 እንዲገባ በጀቱ ይሻሻል የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ» ትላላችሁ። ሌላ መልእክተኛ «ደግፌያለሁ» ይላል። ሰብሳቢው ሐሳቡን ደግሞ ያሰማል፤ ምክንያታችሁን የምትዘረዝሩት ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ በማሻሻያው ላይ፣ ቀጥሎ በበጀቱ በጠቅላላው ላይ ድምፅ ይሰጣል።

በተግባር የሚሆነው ግን ተናጋሪው አምስት ደቂቃ ስለ አገልግሎቱ አስፈላጊነት ያስረዳና አመስግኖ መቀመጡ ነው። ሰብሳቢው ያመሰግነዋል፤ በጀቱም እንዳለ ያልፋል። ሁለተኛው እንቅፋት የገንዘቡን ምንጭ አለመናገር ነው። የተጨመረው 3,000 ከየትኛው ርዕስ እንደሚቀነስ በዚያው የውሳኔ ሐሳብ ውስጥ ካልተገለጸ የበጀት ኮሚቴው መቃወሙ አይቀርም፤ መልእክተኞቹም ኮሚቴውን ያምናሉ። እንግሊዝኛው የሚያስፈራው ሰው ሐሳቡን ጽፎ ይሂድ፤ አንብቦ ለጸሐፊው ይሰጠዋል። እንዲያውም ሰብሳቢው ዋና የውሳኔ ሐሳብ በጽሑፍ ይሁን ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ውይይቱ ሲረዝም ከመቀመጫ «ድምፅ ይሰጥበት!» ብሎ መጮህ ውይይቱን አይዘጋም። መዝጋት ራሱን የቻለ የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ ድጋፍና ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል፤ የመናገር መብት የሚነካ ስለሆነ። ሥርዓቱ ለአንድ ተናጋሪ በአንድ ጉዳይ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው እስከ አሥር ደቂቃ ይፈቅዳል፤ ብዙ ጉባኤዎች ግን ገና ሲከፈቱ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያሳጥሩታል።

«ድምፀ ተአቅቦ እንደ ተቃውሞ ይቆጠራል»

ደንቡ ሌላ ካላለ አይቆጠርም። 90 መልእክተኞች ባሉበት 40 ደግፈው፣ 35 ተቃውመው፣ 15 ዝም ቢሉ ሐሳቡ አልፏል፤ የሚቆጠረው የተሰጠው ድምፅ ነውና። ደንቡ «ከተገኙት አብላጫ» የሚል ከሆነ ግን 46 ያስፈልጋል፤ ያው 40 ድምፅ ይወድቃል። አንዲት ቃል ውጤቱን ስለምትገለብጥ ደንቡን አስቀድሞ ማየት ይገባል። እኩል ለእኩል ከሆነ ሐሳቡ ወድቋል። ሰብሳቢው መልእክተኛ እስከሆነ ድረስ በምስጢር ድምፅ ወይም ድምፁ ውጤቱን በሚለውጥበት ጊዜ መስጠት ይችላል።

ምልዓተ ጉባኤም (ለመወሰን መገኘት ያለበት ዝቅተኛው የሰው ቁጥር) ጠዋት ስለሞላ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ ይቆያል ማለት አይደለም። ከምሳ በኋላ ሰው ሲበተን ቁጥሩ ከጎደለ ጉባኤው ከመበተን፣ ዕረፍት ከመውጣት፣ ሌላ ቀን ከመቅጠር ወይም የጎደለውን ሰው ከመጥራት በቀር ምንም መወሰን አይችልም። ከባድ አጀንዳ ከምሳ በፊት ይያዝ የምንለው ለዚህ ነው።

«የገንዘብ ያዡን ሪፖርት በድምፅ አጽድቀናል፤ ሒሳቡ ንጹሕ ነው»

የገንዘብ ያዡ ሪፖርት ይሰማል፣ ይጠየቅበታል፣ ለምርመራ ይቀመጣል። በድምፅ የሚጸድቀው የኦዲተሩ ሪፖርት ነው። ያልተመረመረ ሒሳብ ማጽደቅ መልእክተኞች ያላዩትን ነገር እንዲመሰክሩ ማድረግ ነው።

«ለኮኦፐሬቲቭ ፕሮግራም ስለምንሰጥ ለኅብረቱም ሰጥተናል»

በ1925 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ የደቡብ ባፕቲስቶች የጋራ የስጦታ ፕሮግራም ገንዘቡን ከአጥቢያ ወደ ግዛቱ ኮንቬንሽን (በግዛት ደረጃ ወዳለው የአጥቢያዎች ስብስብ)፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ባፕቲስት ኮንቬንሽን ያደርሳል። የአካባቢው ኅብረት በዋናነት የሚኖረው አጥቢያዎች በቀጥታ በሚልኩለት ስጦታ ነው። አባልነቱም እንዲሁ ነው፤ ኅብረቱ፣ የግዛቱ ኮንቬንሽንና አገር አቀፉ ኮንቬንሽን ሦስት የተለያዩ አካላት ናቸው፤ አንዱ ሲቀበላችሁ ሌሎቹ ተቀበሉ ማለት አይደለም። በአጥቢያችሁ በጀት ላይ ለየብቻ መስመር ያዙላቸው።

ከስጦታው ጋር የሚሄደው ዓመታዊ ቅጽም አለ፦ የተጠመቁ፣ የአባላት ብዛት፣ አማካይ የአምልኮ ተሳታፊ፣ ጠቅላላ ገቢ፣ ለሚስዮን የተሰጠ። እሱ ካልተሞላ በኅብረቱ ዓመታዊ መጽሐፍ የአጥቢያችሁ ረድፍ ባዶ ሆኖ ሊታተም ይችላል፤ በብዙ ደንቦችም ለተከታታይ ዓመታት ሪፖርት አለማቅረብ በአባልነት ላይ ጥያቄ ያስነሣል።

«ደንቡ ካልጣመን እዚያው ተነሥተን እናስቀይረዋለን»

የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ አስቀድሞ በጽሑፍ መታወቅና ብዙ ጊዜም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት አለበት። የማስታወቂያውን ጊዜ ደንቡ ራሱ ይወስነዋል፤ ሠላሳ ቀን የሚል አለ፣ ባለፈው ዓመት ጉባኤ ተነቦ በሚቀጥለው ይወሰን የሚልም አለ። በቅድሚያ ያልታወቀ ማሻሻያ በጉባኤው ላይ ቢቀርብ ሰብሳቢው ከሥርዓት ውጭ ነው ብሎ ሊያስቆመው ይገባል፤ እሱ ቢዘነጋው ማንኛውም መልእክተኛ ተነሥቶ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ማንሣት ይችላል፤ ለዚህም ደጋፊ አያስፈልገውም።