የተኩስ ውድድር በጎ ፈቃደኞችና ወጪያቸው

በአሜሪካ የተግባራዊ ተኩስ ውድድር የሚካሄደው ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። ስፖርቱን የሚመራው ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1976 በሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ተመሠረተ፤ የአሜሪካው ማኅበር በ1984 ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ተወዳዳሪው ሽጉጡን ይዞ በጊዜያዊ ግድግዳዎች መካከል እየሮጠ የካርቶንና የብረት ኢላማዎችን ይመታል። ያገኘው ነጥብ በፈጀው ሰከንድ ተካፍሎ ውጤቱ ይወጣል።

ከተኳሹ አጠገብ ሰዓት መቁጠሪያ የያዘ ዳኛ ይቆማል። ዓይኑ የሚያርፈው ኢላማው ላይ ሳይሆን ሽጉጡና ቃታው አካባቢ ባለችው ጣት ላይ ነው። አፈሙዙ ከተኩሱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ከ90 ዲግሪ ካለፈ «ቁም!» ይላል፤ ተወዳዳሪው ከውድድሩ ይሰናበታል። ተኩሱ ሲያበቃ ጥይቱን ያስወጣዋል፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በዓይኑ ያረጋግጣል፣ ከዚያም ሜዳው ነጻ መሆኑን ጮክ ብሎ ያስታውቃል። ይህ ሳይባል ማንም ወደ ኢላማው አይራመድም። ሌላው ዳኛ ነጥቡን በታብሌት ይመዘግባል፤ የቡድኑ አባላት ደግሞ ቀዳዳዎቹን በትናንሽ ማጣበቂያ ወረቀት ይደፍናሉ። ይኸው ሥርዓት በፀሐይም በዝናብም ለእያንዳንዱ ተኳሽ ከመጀመሪያው ይደገማል።

በየወሩ በሚደረጉ የክለብ ውድድሮች ሸክሙ ቀለል ይላል። ተወዳዳሪዎች በየተራ ይዳኛሉ፤ ቀድመው መጥተው ግድግዳ ያቆሙና ብረት የተሸከሙ ሰዎች የመመዝገቢያ ክፍያ ይቀነስላቸዋል ወይም ይቀርላቸዋል። ያ ምሕረት ግን ክለቡ ያጣው ገቢ ነው። ካርቶኑ፣ እንጨቱ፣ የሜዳው ኪራይ፣ ለብሔራዊ ማኅበሩ በተወዳዳሪ ቁጥር የሚከፈለው ገንዘብ ሁሉ ከቀሪዎቹ ከፋዮች ኪስ ይወጣል።

ትልቅ ውድድር ላይ ሂሳቡ ይለወጣል። ዳኞቹ ዋናው ውድድር ከመጀመሩ በፊት የራሳቸውን ተኩስ ይጨርሱና ለቀናት በተመደቡበት ጣቢያ፣ ማለትም ከውድድሩ የተኩስ ሜዳዎች በአንዱ፣ ይቆማሉ። 10 ጣቢያ ላለው ውድድር በየጣቢያው 3 ዳኛ ቢመደብ 30 ሰው ይሆናል። ሁለት ሁለት ሆነው ለ4 ሌሊት ቢያድሩ የ60 አዳር የሆቴል ሂሳብ ይመጣል፤ ምሳው፣ ውኃው፣ የደንብ ልብሱና የነዳጅ ድጎማው ገና አልተቆጠረም። በአገራችን ደቦ የሚጠራ ገበሬ ጠላውንና ምግቡን ቀድሞ ያሰናዳል፤ እዚህም ነገሩ ያው ነው። በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚነካው የዳኞች መኝታና ምግብ መሆኑ ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። እንቅልፍ ያልጠገበና ቀኑን ሙሉ በጾም የቆመ ሰው አፈሙዝ ሲዞር ለማየት ይዘገያል።

በአዘጋጁ መዝገብ ላይ የማይገባ ወጪም አለ። ዳኛ ለመሆን የሁለት ቀን ሥልጠና መውሰድና ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ከሥራ የሚወሰደው ፈቃድና ከቤተሰብ የሚነጠቀው ቅዳሜና እሑድ የበጎ ፈቃደኛው የራሱ ዕዳ ነው።

የረጅም ርቀት ጠመንጃ ውድድር ችግሩን የፈታው በሌላ መንገድ ነው። ከ1907 ጀምሮ ብሔራዊ ውድድሮችን ባስተናገደው በኦሃዮው ካምፕ ፔሪ ተወዳዳሪዎች በፈረቃ ይሠራሉ፤ ግማሾቹ ሲተኩሱ ሌሎቹ ከጥይት ከሚከላከላቸው ግድብ ሥር ሆነው ኢላማውን ያወርዳሉ፣ ጥይቱ ያረፈበትን ምልክት አድርገው መልሰው ያወጣሉ። በ2015 በአላባማ የተከፈተው የታላዴጋ የተኩስ ሜዳ ይህን ሥራ ለኤሌክትሮኒክ ኢላማ ሰጥቶ የጉልበቱን ወጪ ወደ መሣሪያ ወጪ አዛውሮታል። በተግባራዊ ተኩስ ግን ተወዳዳሪውን በቅርብ እየተከተለ የሚጠብቀው አሁንም ሰው ነው።

የመጨረሻው ቡድን ተኩሶ ሲጨርስም ሥራው አያልቅም። ችካሉ ይነቀላል፣ የብረት ኢላማው ወደ መጋዘን ይገባል፣ የተቀዳደደው ካርቶን ይሰበሰባል። ይህን የሚሠሩት ከንጋት ጀምሮ እዚያው የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ ሽልማት የሚጠብቁት ተወዳዳሪዎች ግማሽ ሰዓት ቢያግዟቸው ብዙዎቹ ሳይመሽ ቤታቸው ይደርሱ ነበር።