የገቢ ልዩነት፦ የሚባለውና እውነታው

ስለ ሀብታምና ድሃ ወሬ ሲነሳ ሰው ወዲያው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ «ልዩነት ሁሉ ሌብነት ነው» ሲል ሌላው «ልዩነት ከሌለማ ማን ይለፋል?» ይላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ላንሳ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንዱ ሀብታም የሚሆነው ከሌላው ወስዶ ነው»

አንዳንዴ አዎ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ዊሊያም ኖርድሃውስ ከ1948 እስከ 2001 ያለውን የአገሩን መረጃ መርምሮ፣ የቴክኖሎጂ ፈጠራ ካስገኘው ጥቅም ለፈጣሪዎቹ የደረሰው 2 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አስልቷል። የቀረው አብዛኛው በረከሰ ዋጋና በተሻለ ዕቃ መልክ ለተጠቃሚው ሄዷል። በአንጻሩ ገበያውን ለብቻው ይዞ ዋጋ የሚቆልል፣ ወይም ባለሥልጣን ስለሚያውቅ ብቻ ፈቃድ የሚያገኝ ሰው ምንም አልጨመረም፤ ያለውን ወደ ኪሱ አዞረ እንጂ። በገቢ መዝገብ ላይ ሁለቱ እኩል ሀብታም ሆነው ሊታዩ ይችላሉ።

«ልዩነቱ ሰፋ ማለት ድሃው ባሰበት ማለት ነው»

ቻይና በ1978 የኢኮኖሚ ማሻሻያ ከጀመረች ወዲህ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከከፋ ድህነት ወጥቷል። በዚሁ ዘመን የገቢ ልዩነቷም በጣም ሰፍቷል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

መለኪያውም ያሳስታል። አንዱ 100፣ ሌላው 1,000 ያገኛል እንበል። የሁለቱም ገቢ እጥፍ ቢሆን 200 እና 2,000 ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ900 ወደ 1,800 ዘለለ፤ ሁሉም የሚጠቅሰው ጂኒ የተባለው የገቢ ልዩነት መለኪያ ግን ንቅንቅ አይልም፤ የሚለካው ድርሻን ነውና። «ልዩነቱ ጨመረ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ በምን እንደለካው ጠይቁት።

«ከላይ ያሉት ሲጠግቡ ወደ ታች ይንጠባጠባል»

ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ገቢ ያለው ሰው ብዙ ይቆጥባል፤ ቁጠባውም ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ለፍቶ ማደግ እንደሚቻል ማወቅም ሰውን ያተጋል። ነገር ግን ኦኢሲዲ የተባለው በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት በ2014 ባወጣው ጥናት የልዩነት መስፋት የአባላቱን እድገት እንዳዘገመ አሳይቷል። አንዱ ዋነኛ መንገድ ትምህርት ነው፦ ልዩነት በሰፋበት ዝቅ ካለ ቤተሰብ የመጡ ልጆች ትምህርታቸው ይጎዳል።

እንዲህ አስቡት። የሂሳብ ጥያቄ ከመምህሯ ቀድማ የምትፈታ ልጅ አለች፤ እናቷ ሥራ ስትውል ታናናሾቿን የሚይዝ ስለጠፋ በ13 ዓመቷ ትምህርቷን ታቆማለች። አጠገቧ ይቀመጥ የነበረው ቀርፋፋ ልጅ ሦስት አስጠኚ ተቀጥሮለት መሐንዲስ ይሆናል። ድልድዩን የሚሠራው እሱ ነው። የጠፋው ገቢ የእሷ ብቻ አይደለም፤ በድልድዩ የሚያልፈው ሁሉ ከስሯል፣ ሀብታሙም ጭምር።

«ኢኮኖሚው ሲያድግ ልዩነቱ በራሱ ይጠባል»

ሐሳቡ የኢኮኖሚ ምሁሩ የሳይመን ኩዝኔትስ ነው፤ በ1955 ልዩነት በመጀመሪያ ሰፍቶ ኋላ ይጠባል ብሎ ጻፈ። እሱ ራሱ ጽሑፉ ምናልባት 5 በመቶ ማስረጃ፣ 95 በመቶ ግምት እንደሆነ ተናዟል፤ ይህቺን ግን የሚጠቅስ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ከ1980 ገደማ ወዲህ ኢኮኖሚውም አደገ፣ ልዩነቱም ሰፋ።

«ከሀብታም ወስዶ ለድሃ መስጠት እድገትን ይገድላል»

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር አርተር ኦከን በ1975 ነገሩን በሚያፈስ ባልዲ መስሎታል፦ ገንዘቡ ከሀብታሙ ወደ ድሃው ሲጓዝ ከፊሉ በመንገድ ይንጠባጠባል። ማፍሰሱ እውነት ነው፤ ቢሮክራሲው ይበላል፣ ከፍተኛ ግብርም የሥራ ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ተመራማሪዎች በ2014 የብዙ አገሮችን መረጃ አይተው፣ ከልክ ካላለፈ በቀር ማከፋፈል በጥቅሉ እድገትን ጎድቶ አላገኙትም። ይልቅ ባልዲው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ይሻላል። በድሃው ስም የሚሰጥ የነዳጅ ድጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው መኪና ላለው ነው፤ ብዙ ነዳጅ የሚቀዳው እሱ ነዋ።