የብሪታንያና የአሜሪካ የአራዳ ቃላት ልዩነት

የብሪታንያና የአሜሪካ የአራዳ ቋንቋ ከአንድ የእንግሊዝኛ ግንድ የበቀሉ፣ ነገር ግን በውቅያኖስ ተለያይተው ያደጉ ሁለት የዕለት ተዕለት አነጋገሮች ናቸው። በመደበኛው ጽሑፍ ሁለቱ አገሮች የሚለያዩት በፊደል አጣጣልና በተወሰኑ ቃላት ብቻ ሲሆን፣ በመጠጥ ቤት፣ በገበያና በጓደኛሞች ጨዋታ ላይ ግን ክፍተቱ ይሰፋል። ለእንግዳ ሰው ይበልጥ አስቸጋሪ የሚሆነው ጨርሶ ሰምቶት የማያውቀው ቃል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ቃል ትርጉሙን ለመጠየቅ ያስገድዳል። በሁለቱም አገር የሚነገር፣ ፍቺው ግን የተለያየ ቃል ሰሚው የተረዳ እየመሰለው ያሳስተዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው «ፒስድ» የተሰኘው ቃል ነው። አንድ የለንደን ሠራተኛ አለቃው ትናንት ማታ «ፒስድ» እንደነበረ ቢያወራ ሰክሮ ነበር ማለቱ ሲሆን፣ ያንኑ ወሬ የሰማ የቺካጎ ሰው ግን አለቅየው ክፉኛ ተቆጥቶ ነበር ብሎ ይረዳል። «ፓንትስ» በአሜሪካ ሱሪ፣ በብሪታንያ የውስጥ ልብስ ነው፤ አማርኛ «ፓንት» የሚለው ቃልም ከብሪታንያው ፍቺ ጋር ይገጥማል። የብሪታንያ ወጣቶች ይህንኑ ቃል የማይረባ ነገርን ለማጣጣልም ይጠቀሙበታል። «ራበር» ለብሪታንያ ተማሪ ላጲስ፣ ለአሜሪካዊ ኮንዶም ነው። «ፋግ» ደግሞ በብሪታንያ ተራ የሲጋራ መጠሪያ ሲሆን፣ በአሜሪካ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶችን ለማዋረድ የሚነገር ከባድ ስድብ በመሆኑ እዚህ ላይ መሳሳት ከሳቅ ያለፈ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል።

ችግሩ በመንግሥት ደረጃ ሳይቀር ትኩረት ያገኘበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ የጦርነት መሥሪያ ቤት ወደ ብሪታንያ ለሚዘምቱ ወታደሮቹ ባዘጋጀው አነስተኛ መመሪያ ላይ «በም መስያለሁ» ብለው እንዳይናገሩ አስጠንቅቋል፤ ቃሉ ለአሜሪካዊው ሥራ ፈት ጎዳና አዳሪን ሲያመለክት ለእንግሊዙ ግን መቀመጫ ማለት ነውና። ያው መመሪያ «ብለዲ» የተባለውን ቃል ሴቶች ባሉበት ከመናገር እንዲቆጠቡም መክሯል። አሜሪካዊ ጆሮ በዚህ ቃል ውስጥ ይህ ነው የሚባል ነውር አይሰማም ነበር፤ በብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. በ1914 የበርናርድ ሾው ተውኔት ላይ አንዲት ተዋናይት ከመድረክ በተናገረችው ጊዜ ለንደን ተንጫጭታ ነበር። ዛሬ ቃሉ በብሪታንያም ቢሆን ለስልሶ፣ ንዴትን ወይም አድናቆትን ማጠንከሪያ ሆኖ በየደጁ ይሰማል።

ሰላምታና ምስጋናም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። «ቺርስ» ለአሜሪካዊ ጽዋ ሲነሣ የሚባል ነው፤ ብሪታንያዊው ግን በር ለያዘለት ሰውም ሆነ ከአውቶቡስ ሲወርድ ለሹፌሩ «አመሰግናለሁ» ለማለት ይጠቀምበታል። ብሪታንያውያን ሲገናኙ «ዩ ኦልራይት?» ይባባላሉ፤ ይህም እንደኛው «እንዴት ነህ?» መልስ የማይጠበቅበት ልማድ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ግን ፊቴ ላይ ምን አይቶብኝ ነው ብሎ ይደነግጣል።

ወንድን በተራ አነጋገር ብሪታንያዊው «ብሎክ»፣ ጓደኛውን «ሜት» ሲል፣ አሜሪካዊው «ጋይ»፣ «ዱድ» እና «በዲ» ይላል። ከእነዚህ ሁሉ አስገራሚ ታሪክ ያለው «ጋይ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1605 የእንግሊዝን ፓርላማ ከንጉሥ ጄምስ ጋር በባሩድ ለማጋየት ካሴሩት አንዱ ጋይ ፎክስ ይባል ነበር። ሴራው ከከሸፈ በኋላ እንግሊዞች በየዓመቱ በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 5 ቀን፣ የሰውየውን ምስል ከአሮጌ ጨርቅ ሠርተው ማቃጠል ለመዱ፤ ምስሉም «ጋይ» ተባለ። ቀጥሎ ቃሉ በእንግሊዝ አለባበሱ የሚያስቅ ሰው መጠሪያ ሆነ፤ አሜሪካ ሲሻገር ግን መሳለቂያነቱ ቀርቶ ማንኛውንም ወንድ የሚያመለክት ቃል ሆኖ አረፈ። በብዙ ቁጥር ሲነገር አሁን ሴቶችንም ይጨምራል።

ገንዘብን በተመለከተ ፓውንድ «ክዊድ»፣ ዶላር ደግሞ «ባክ» ይባላል። «ባክ» የወንድ አጋዘን መጠሪያ ሲሆን፣ የአጋዘን ቆዳ በ18ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ ጠረፍ ላይ የመገበያያ መለኪያ ከነበረበት ጊዜ የመጣ እንደሆነ ይታመናል። «ክዊድ» አሥርም ቢሆን መቶ የብዙ ቁጥር ምልክት አይጨመርበትም፤ የቋንቋው እንግዳ የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ብሪታንያ ብቻዋን የምትታወቅበት ስልት የምሥራቅ ለንደን ነዋሪዎች፣ ኮክኒ የሚባሉት፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ያዳበሩት ቤት የሚመታ የአራዳ ቋንቋ ነው። ተናጋሪው መናገር የፈለገውን ቃል ትቶ ከእሱ ጋር ቤት የሚመታ ሐረግ ይተካል። «ሉክ» ወይም ማየት ለማለት የሥጋ ሻጭ መንጠቆ የሚል ትርጉም ያለው «ቡቸርስ ሁክ» ይመረጥና፣ ቤት የሚመታው «ሁክ» ራሱ ተጥሎ «ቡቸርስ» ብቻ ይቀራል። ሰምና ወርቅ የለመደ አማርኛ ተናጋሪ ጨዋታውን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ እዚህ ወርቁን የሚጠቁመው ቃል ራሱ መሰወሩ ነው።

የአሜሪካ የአራዳ ቃላት ዋነኛ ምንጭ የጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር ነው። «ኩል» አሪፍ በሚለው የዛሬ ፍቺው ከጃዝ ሙዚቀኞች መንደር ወጥቶ ዓለምን አዳርሷል። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ1948 ወዲህ ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞችና ልጆቻቸው የለንደንን ጎዳና አነጋገር ለውጠውታል፤ ጓደኛሞችን በጅምላ የሚጠራው «ማንደም» ከዚሁ የተገኘ ነው።

የቃላቱ ጉዞ በአመዛኙ ከአሜሪካ ወደ ብሪታንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 የቦስተን ጋዜጣ ላይ ሆን ተብሎ በተሳሳተ ፊደል ከተጻፈ ቀልድ የተወለደው «ኦኬ» ዛሬ አማርኛን ጨምሮ በየቋንቋው ይነገራል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሄዱት ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል በድንጋጤ አፍን መያዝን የሚገልጸው የብሪታንያ ቃል «ጎብስማክት» ይገኝበታል፤ «ጎብ» አፍ ማለት መሆኑን የማያውቁ አሜሪካውያንም ሳይቀሩ ይናገሩታል።