በውሃ የሚቀረጽ የቆዳ አፎት

አፎት፣ ወይም ሰገባ፣ የቢላ፣ የጩቤና የጎራዴ ማደሪያ ነው። በውሃ የሚቀረጸው ዓይነት የቢላውን መልክ ራሱ ላይ ይይዛል፤ የለፋ ቆዳ ረጥቦ በቢላው ላይ ይጫናል፣ እዚያው እንዳለ ይጠነክራል፣ የእጀታውን እብጠትና የአንገቱን ስርጉድ እንደያዘ ይደርቃል። ቢላውን የሚይዘው ይኸው ቅርጽ ነው። ማሰሪያም ሆነ ቁልፍ አይፈልግም። በደንብ የተሠራ አፎት ተገልብጦ ሲነቀነቅ ቢላውን አይጥልም፣ በእጅ ሲሳብ ግን ያለ ግብግብ ይለቃል።

እርጥብ ቆዳ እንደሚለጠጥ፣ ሲደርቅም እንደሚጠነክር በኛ አገር የታወቀ ነው። የጠፍር አልጋ የሚጠፈረው፣ የከበሮ ቆዳም የሚወጠረው እርጥብ ሳለ ነው። እነዚያ ግን ያልለፋ ጥሬ ቆዳ ናቸው፤ ሲደርቁ በኃይል ይኮማተራሉ፣ ዝናብ ሲነካቸው ደግሞ መልሰው ይላላሉ። ለአፎት የሚፈለገው የለፋ፣ ያውም በዛፍ ቅርፊት የለፋ የከብት ቆዳ ነው።

ቆዳ መምረጥ

ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። የክሮም ቆዳ ለጃኬት፣ ለጫማ ፊትና ለቦርሳ ይስማማል፤ ለስላሳና ውሃ የሚችል ነው። ቅርጽ ግን አይዝም፤ ቢያረጥቡት፣ ቢጫኑትም ሲደርቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ብዙ ጀማሪ ቀኑን ሙሉ ለፍቶ ጠዋት ልሙጥ ቆዳ የሚያገኘው በእጁ ጥፋት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። የሐበሻ በግ ቆዳም ለጓንት እጅግ ተፈላጊ ቢሆንም ለዚህ ሥራ በጣም ስስ ነው።

መለየት ከባድ አይደለም። ጠርዙ በከተር ሲቆረጥ የክሮም ቆዳ መሃሉ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ይመስላል፤ በቅርፊት የለፋው ግን እስከ መሃሉ ቡናማ ነው። ቀለም ያልተቀባ ከሆነ የውሃ ጠብታ ቶሎ ይመጥጣል፣ ቦታውም ይጠቁራል። እዚያ እርጥበት ላይ በጥፍር ሲጫኑት ምልክቱ ከቀረ ትክክለኛው ቆዳ ነው። ውፍረቱ ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከከብቱ የጀርባና የዳሌ ክፍል የተቆረጠ ይመረጣል። የሆድ ቆዳ እዚህና እዚያ እኩል ስለማይለጠጥ አፎቱ ይጣመማል።

ልክ ማውጣት

ለምሳሌ ስለቱ 10፣ እጀታው 11 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢላ እንውሰድ። ካርቶን መሃል ለመሃል ይሰመራል፣ የቢላው ጀርባ በመስመሩ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ቢላው ወደ ቀኝ ይጋደምና ዙሪያው በእርሳስ ይሰመራል፤ ወደ ግራም እንዲሁ። ቢላው በጀርባው ላይ ስለሚገለበጥ ውፍረቱ በልኩ ውስጥ አብሮ ይገባል። ከስለቱ ውጭ 12 ሚሊ ሜትር ለስፌት ይተዋል፤ እጀታው ወፍራም ከሆነ በዚያ በኩል 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይጨመራል። የተረፈው በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ የጎደለ ግን አይሞላም። ከእጀታው 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይግባ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ለእጅ ይቅር። ጫፉ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር አፎቱ 18 ሳንቲ ሜትር ግድም ይረዝማል።

የቀበቶ ማንጠልጠያው አፎቱ ከመታጠፉ በፊት ይሰፋል። ከታጠፈ በኋላ መርፌ ወደ ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

የመሃል ቆዳና ስፌት

በሁለቱ ሽፋኖች መካከል፣ በስለቱ በኩል፣ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ሌላ የቆዳ ጥብጣብ ትገባለች። ይህቺ የመሃል ቆዳ የአፎቱ ጠባቂ ናት። ከሌለች ስለቱ በገባና በወጣ ቁጥር ክሩን ይነካዋል፤ ክሩ አንድ በአንድ ይበጠስና አንድ ቀን ስለቱ በጎን ወጥቶ ጭን ላይ ያርፋል። በአፍ በኩል ያለው ጫፏ በከተር ስስ እየተደረገ ካልተከረከመ ደግሞ እዚያ ክፍተት ይቀራል።

ሦስቱ ሽፋኖች በማስቲሽ ይጣበቃሉ። ማስቲሽ ለስላሳውን የፀጉር ወገን በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ የሚጣበቀው ቦታ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። በሁለቱም ወገን ተቀብቶ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪተው ይቆያል፣ ከዚያ ተገጥሞ በመዶሻ ቀስ ብሎ ይመታል።

የስፌቱ መስመር ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይሰመራል፣ ቀዳዳዎቹ በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት ይሆናሉ። ሦስቱ ሽፋኖች አንድ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚወፍሩ ወስፌ ብቻውን ያደክማል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ምላስ የገባበት ትራፓኖ ይቀላል፣ ቀጥ ብሎ ከተያዘ። ትንሽ ካዘመመ ከኋላ ያለው ስፌት ይዘባረቃል።

የሚሰፋው በአንድ ክርና በሁለት መርፌ ነው። ሁለቱም መርፌዎች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከተቃራኒ ወገን ያልፋሉ፤ አንዱ ወገን ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ክሩ የስፌቱን አራት እጥፍ ይርዘም የሚለው ልማድ ለስስ ቆዳ እንጂ ለዚህ አይበቃም። እያንዳንዱ መርፌ ለ5 ሚሊ ሜትር ስፌት 14 ሚሊ ሜትር ክር ይበላል፤ ለ18 ሳንቲ ሜትር ስፌት በሁለቱ መርፌ 1 ሜትር ማለት ነው። ለመያዣና ለመጨረሻው ቋጠሮ ሲጨመር 1.5 ሜትር ሰም የተቀባ ክር ይዘጋጅ። በአፉ በኩል ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሶ ይደገማል፤ ትልቁ ጫና የሚያርፈው እዚያ ነው።

ማርጠብና መቅረጽ

ቢላው መጀመሪያ ዘይት ይቀባል፣ ስለቱ በፕላስተር ይሸፈናል፣ ከዚያ በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ሁለት ሦስት ዙር ይጠቀለላል። ይህ ካልተደረገ ብረቱ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ቆዳው ውስጥ ያለው የቅርፊት ንጥረ ነገር ብረት ሲነካው ጥቁር ስለሚሆን አፎቱም ይበከላል። በዚሁ ምክንያት ውሃው በፕላስቲክ ሳፋ እንጂ በዛገ ቆርቆሮ አይሁን።

ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አፎቱ የአየር አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ይነከራል፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ብዙ ከቆየ ቅባቱ ታጥቦ ይወጣና ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ከውሃ እንደወጣ ወዲያው አይቀረጽም። በጨርቅ ተደባብሶ 15 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ጥቁሩ ፊት ወደ ቀድሞ ቀለሙ መመለስ ሲጀምር፣ ሲነካም እንደ ሊጥ ሳይሆን እንደ እርጥብ ሸክላ ሲሰማ ሰዓቱ ነው። በጣም ከረጠበ የተጫኑት መልሶ ይነሳል፤ ከደረቀ አይታዘዝም።

ቢላው ገብቶ እስከ መጨረሻው ከተገፋ በኋላ ቆዳው በአውራ ጣት መዳፍና በማንኪያ ጀርባ ይታሻል። ጥፍር አይነካው፤ የጥፍር ምልክት ከደረቀ በኋላ አይጠፋም። ድካሙ መዋል ያለበት በስለቱ ሳይሆን በእጀታው አንገት ላይ ነው፤ ቢላው የሚያዘው እዚያ ነው። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት በየ10 ደቂቃው ተመልሶ መጫን ያስፈልጋል።

ቅርጹ ሲቆም ቢላው ይወጣል፣ አፎቱም በጥላ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይደርቃል። በሐምሌና በነሐሴ ሦስት ቀን ሊፈጅ፣ ሻጋታም ሊያበቅል ይችላል፤ አፉን ክፍት አድርጎ መስቀል ይረዳል። ምድጃ፣ ቀትር ፀሐይና የፀጉር ማድረቂያ አይጠጉት። እርጥብ ቆዳ በሙቀት ይኮማተራል፣ የተኮማተረውም እንደ ቀንድ ደርቆ ይሰባበራል።

ቢላው ከጠበበው አፉ ብቻ ይረጥብና ቢላው አንድ ዙር ፕላስቲክ ተጨምሮበት እንደገና ይገባል። ከላላ አንገቱ ጋ ብቻ ተርሶ ይጫናል። ደጋግሞ መንከር ግን ቆዳውን ያደርቀዋል።

ሌሎች አሠራሮች

በፊንላንድ የፑኮ ቢላ አፎት ስፌቱ በጎን ሳይሆን ከጀርባ መሃል ላይ ነው፤ ቆዳው እርጥብ እንዳለ በቢላው ላይ ይሰፋል። ስለቱ የሚያርፈው ከእንጨት በተጠረበ ማስገቢያ ውስጥ ስለሆነ ክሩን አይደርስበትም። የአፋር ጊሌ ደግሞ ጎባጣና በሁለት ወገን ስለት ያለው ነው። እንዲህ ላለው ስለት አንድ ቆዳ ማጠፍ አይሆንም፣ አንዱ ስለት እጥፋቱን ይቆርጠዋልና፤ ሁለት ገጽ ቆዳ በሁለቱም ጎን መሰፋት አለበት።

ማጠናቀቅና አያያዝ

ጠርዙ በ120፣ በ220፣ ከዚያም በ400 ብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ትንሽ ይረጥብና በለስላሳ እንጨት እስኪያብረቀርቅ ይታሻል። ቀለም ከተፈለገ ከቅባት በፊት ነው። ቅባቱ በስሱ ይሁን፤ ዘይት የጠገበ ቆዳ ቅርጹን ይለቃል። ንጹሕ ሰም ይመረጣል። ቅቤና ሞራ ይሸታሉ።

ቢላው ለወራት በአፎቱ ውስጥ አይቀመጥ። ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ በቅርፊት የለፋው ደግሞ በባሕርዩ ኮምጣጣ ነው፤ ብረቱን ነጠብጣብ ዝገት ያወጣበታል፣ የነሐስ ክፍል ካለውም አረንጓዴ ዝቃጭ ይሠራበታል። ቢላው በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አፎቱ ባዶውን ይቀመጥ።